አዲስ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ሲጀምሩ፦ ፋርማሲስቱን በቪዲዮ ማማከር እንዴት ነው?

ሐኪምዎ "ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ" ብለውዎታል እንበል። ጀሞ ወይም ላፍቶ ካለው ጤና ጣቢያ ወጥተው፣ ማዘዣውን ይዘው ፋርማሲ ገቡ። ከኋላዎ ሰው ተሰልፏል። ባለሙያዋ በወረቀት ፖስታው ላይ "1×1 ጠዋት" ብላ ጻፈችና ሰጠችዎት። "ጥያቄ አለዎት?" ማለቷም አልቀረም። በዚያች ደቂቃ ግን የሚጠየቅ ነገር አልመጣልዎትም። አመስግነው ወጡ።

ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ራስዎን ይከብድዎታል። በሳምንቱ ቁርጭምጭሚትዎ አብጦ ጫማው ይጠብብዎታል። ረቡዕ ይደርሳል፤ ጾም ነው፤ ኪኒኑ በስንት ሰዓት ይዋጥ? ጎረቤትዎ ደግሞ "እሱን አንዴ ከለመዱት መላቀቂያ የለውም" ትልዎታለች። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ፣ ለማንም ሳይናገር።

ስለዚህ ከፋርማሲው መስኮት ንግግር ሌላ አንድ ተጨማሪ ንግግር ያስፈልግዎታል። ጊዜውም መድኃኒቱን ከጀመሩ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ነው። ይህን ንግግር ከቤት ሳይወጡ፣ በስልክ ካሜራ እየተያዩ ማድረግ ይቻላል። በራፉ ላይ "የቪዲዮ ምክር እንሰጣለን" የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ፋርማሲ መፈለግ አይጠበቅብዎትም። መድኃኒቱን የሸጠልዎት ባለሙያ ፈቃደኛ ከሆነ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ ወይም ኢሞ ይበቃል።

"መጀመሪያውኑ በደንብ ቢነግሩኝ አይሻልም?" ይሉ ይሆናል። በደንብ ሊነገርዎት ይገባል፤ ግን አይበቃም። መድኃኒቱን ያልቀመሰ ሰው የሚያስቸግረውን ነገር አስቀድሞ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ለቆየ ሕመም አዲስ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን በ10ኛው ቀን ጠይቆ ነበር። መድኃኒቱን ገና እየወሰዱ ከነበሩት መካከል 30 በመቶ ያህሉ በታዘዘው መሠረት አይወስዱትም ነበር። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ደግሞ ቢያንስ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። ገና 10 ቀን ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒታቸውን በሥርዓቱ የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ በድሃ አገሮች ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ ጽፏል።

እንግሊዞቹ ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ አገልግሎት ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። የግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አዲስ የጀመረ ሰው ሲገዛ ይመዘገባል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ፋርማሲስቱ ያነጋግረዋል። ከዚያ ሌላ 2 ወይም 3 ሳምንት ቆይቶ ዳግመኛ ይጠይቀዋል። ንግግሩ በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል። በ46 ፋርማሲዎችና በ504 ሰዎች ላይ ሲፈተሽ፣ በ10ኛው ሳምንት መድኃኒታቸውን በሥርዓት የሚወስዱት ካልተነጋገሩት መካከል ከመቶ 61 ገደማ ሲሆኑ፣ ከተነጋገሩት መካከል ግን 71 ገደማ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ከማውራት የተገኘ 10 ሰው ማለት ነው። ለእኔ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጀማሪ ታካሚ መድኃኒቱን ከመቀበሉ በፊት ይመከር ነበር፤ ሲመለስም የቀረው ኪኒን እየተቆጠረ "የት ላይ አስቸገረዎት?" ይባል ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 በአዲስ አበባ 10 የጤና ተቋማት አንድ ሙከራ ተደርጓል። ታካሚው በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ በባለሙያ ፊት ከመዋጥ ይልቅ፣ የ15 ቀን መድኃኒት የያዘች፣ ሰዓቱ ሲደርስ በድምፅና በመብራት የምታስታውስ፣ መከፈቷንም የምትመዘግብ ሣጥን ወደ ቤቱ ወሰደ። አወሳሰዱ በየቀኑ ከሚመላለሰው ታካሚ አላነሰም፤ የታካሚው ወጪ ግን ቀነሰ። ርቀት ላይ ሆኖ መደገፍ በዚህችው ከተማ እንደሚሠራ ታይቷል ማለት ነው። የሚቆጨኝ፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ ወደ ግፊትና ወደ ስኳር መስኮት አለመሻገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሚሆኑት ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው።

እሺ፣ ከየት ልጀምር? ከመስኮቱ። መድኃኒቱን ሲቀበሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ። "ከሳምንት በኋላ በቪዲዮ ባነጋግርሽ ፈቃደኛ ነሽ?" እና "ፋርማሲው ሰው የማይበዛበት ሰዓት መቼ ነው?" የደንበኛ ግፊያ ባለበት ሰዓት የሚደረግ ጥሪ ለሁለታችሁም አይሆንም። ስሟንና ስልኳን ፖስታው ላይ ያስጽፉ። ፋርማሲስቷ በፈረቃ የምትሠራ ከሆነ የምትገባበትን ቀንም ይጻፉ።

ቤት ሲደርሱ የጀመሩበትን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብቡ። ከዚያ በኋላ ያስቸገረዎትን ነገር ሁሉ በቀኑ ይጻፉ። "ማክሰኞ ማታ ራሴን አዞረኝ" ይበቃል። የግፊት መለኪያ ካለዎት ቁጥሩንም አብረው ያስፍሩ።

ከጥሪው በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። አዲሱን ብቻ አይደለም። ዐልፎ ዐልፎ የሚወስዱትን ማስታገሻ፣ ቫይታሚኑን፣ ከውጭ አገር የተላከውን፣ በብልቃጥ ያለውን የሽፈራው ዱቄት፣ ሁሉንም። ቪዲዮ ከድምፅ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። "ነጭ፣ ክብ ኪኒን" ቢሏት ባለሙያዋ ምን እንደሆነ ማወቅ አትችልም። ስትሪፑን ወደ ካሜራው ካስጠጉት ግን ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ታነበዋለች።

ጥሪው ላይ ምን ይባላል? ጥሩ ባለሙያ ወዲያው ወደ ምክር አትገባም። "እማማ፣ እስቲ ትናንት እንዴት እንደወሰዱት ይንገሩኝ" ትላለች። ከዚያ "በዚህ ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?" ትላለች እንጂ "አመለጠዎት እንዴ?" አትልም። ሁለተኛው አጠያየቅ ሰውን ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ "ኧረ አንድም ቀን" ይላል። እውነቱን ይንገሯት። መዝለልዎን ከደበቁ ሐኪሙ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ መጠኑን ሊጨምርብዎት ይችላል።

በዚህ ጥሪ በብዛት የሚነሡት ነገሮች ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያሉ። በጤና ጣቢያዎቻችን ለግፊት በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ አምሎዲፒን ነው፤ የደም ሥርን የሚያላላ ኪኒን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስ ምታትና የቁርጭምጭሚት እብጠት ሊያመጣ ይችላል። እግርዎን በካሜራ ያሳዩአት። ሁለቱም እግሮች በመጠኑ ካበጡ ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ለሐኪምዎ ተነግሮ ይስተካከላል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለብዎት። ኤናላፕሪል የሚባለው ሌላው የግፊት መድኃኒት አክታ የሌለው፣ የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ሊያስከትል ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው "ጉንፋን አልለቀኝ አለ" እያለ ሽሮፕ ሲገዛ ይከርማል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት መድኃኒት ደግሞ ሽንት ያበዛል፤ ስለዚህ ጠዋት ይወሰዳል፤ ማታ ከወሰዱት ሌሊቱን ሙሉ መነሣት ነው።

ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያሳምም፣ ሊያስቀምጥም ይችላል። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ኢንሱሊን ለጀመረ ሰው ግን የቪዲዮው ጥቅም ከሁሉም ይበልጣል። መርፌው ላይ የቀዱት መጠን ስንት መስመር ላይ እንዳለ ታያለች። ደመና የሚመስለውን ኢንሱሊን በመዳፍዎ መሐል አንከባለው ማደባለቅዎን፣ የሚወጉበትን ቦታ መቀያየርዎን ታያለች። "ፍሪጅ የለኝም" ካሏት፣ የተከፈተ ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ለ4 ሳምንት ገደማ እንደሚቆይ ትነግርዎታለች። ፍሪጅ ያለው ሰው ደግሞ ኢንሱሊኑን በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳያስገባ፤ ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን አይሠራም።

ኢንሄለር፣ ማለትም ለአስም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ እንደዚሁ መታየት የሚያስፈልገው ነገር ነው። መጫኑና መሳቡ እኩል ካልሆነ መድኃኒቱ ሳንባ ሳይደርስ ምላስ ላይ ይቀራል። ፊቷ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ቢያሳዩአት ስሕተቱን በሰከንድ ታገኘዋለች። ስቴሮይድ ያለበትን ከሳቡ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊያበቅል ይችላል። ለእንቅርት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን ደግሞ ከቡና ጋር አይስማማም። በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ፣ ቡናና ቁርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። ማልዶ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህች ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለችም።

ጾምስ? ይህን ጥያቄ ሳይፈሩ ይጠይቁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾምም፣ ረመዳንን ለሚጾምም ያው ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆድ አደጋ ነው፤ ስኳሩ ድንገት ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ይህ በፋርማሲስት ብቻ አይወሰንም። ከሐኪምዎ ጋር፣ ክርስቲያን ከሆኑም ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ጠበል ለሚጠመቁም ቢሆን መድኃኒት ማቋረጥ አያስፈልግም። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል።

አንድ ቀን ከዘለሉ ምን ይደረግ? ለአብዛኞቹ በቀን አንዴ ለሚወሰዱ ኪኒኖች፣ በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ያለፈውን ይተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ አይውሰዱ። ጥርስ ወይም ወገብ ሲያምዎት ደግሞ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመግዛትዎ በፊት ለባለሙያዋ ይደውሉ፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ፣ ከኤናላፕሪል ጋር ሲገናኙም ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። የ10 ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ እንደ ምስሉ ጥራት ከ30 እስከ 100 ሜጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ካለው ቤት ከደወሉ እሱም ይቀራል። ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው ከጀሞ ወይም ከሐና ማርያም ታክሲ ተሰልፎ መሄድና መመለስ፣ የሚቀረው የግማሽ ቀን ሥራ፣ ለአዛውንት ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚሄደው ልጅ ጊዜ ነው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩና ጉልበታቸው ለሚያማቸው እናት የደረጃው ነገር ራሱ ወጪ ነው።

ኔትወርክ ቢቆራረጥስ? ምስሉን ያጥፉና በድምፅ ይቀጥሉ። ለጾሙ፣ ለዘለሉት ኪኒን፣ ለሳሉ ድምፅ ይበቃል። ማሳየት የሚያስፈልገውን ነገር ፎቶ አንሥተው ይላኩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩን ከቀኑ በፊት ቻርጅ ያድርጉ።

ባለሙያዋ ታስከፍላለች? አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ በፋርማሲ ምክር ለብቻው አይሸጥም፤ ፋርማሲው የሚያተርፈው ከመድኃኒቱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ ንግግር ለፋርማሲው የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ታካሚው ምንም አያወጣም። እኛ ጋ ግን የባለሙያዋ 10 ደቂቃ ከየትም አይከፈልም። በእኔ አስተያየት፣ ነገር ለመሸጥ ስትል ብቻ ከምታዋራዎት ባለሙያ ይልቅ ትንሽ ክፍያ በግልጽ የምትጠይቀው ትሻላለች። በጥሪው መሐል "ይህንም ቫይታሚን ይጨምሩበት" የሚል ከበዛ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ዋናው ወጪ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ጥሪው እሱንም ሊያቀልልዎት ይችላል። "ይኸው መድኃኒት ከሌላ ፋብሪካ በርካሽ አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ተመሳሳይ ንጥረ ነገርና መጠን ያለው ኪኒን በማሸጊያው ስም ብቻ ዋጋው ሊራራቅ ይችላል። የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችንም ዋጋ ያነጻጽሩ። የጤና መድህን አባል ከሆኑ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ሲያልቅበት ከየትኛው ፋርማሲ ጋር ውል እንዳለው አስቀድመው ይወቁ። የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ኪኒኑ ሳያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይጀምሩ፤ "የለም" የሚለው መልስ በመጨረሻው ቀን ሲመጣ ነው የሚከፋው።

ፋርማሲስቷ የማትችለውም አለ። መድኃኒቱን መቀየር፣ መጠኑን መጨመር ወይም ማቋረጥ የሐኪሙ ነው። እሷ ግን ምን ብለው ለሐኪሙ እንደሚያስረዱ ልታዘጋጅዎት፣ ከፈቀዱም ራሷ ልትደውልለት ትችላለች። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተወረረና አፍ ከቆሰለ፣ ደረት ካመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ ቪዲዮ አይደወልም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የከተማው የእሳትና አደጋ አገልግሎት በ939 ይገኛል። መድኃኒት ያደረሰብዎትን ጉዳት ወይም የጥራት ጥርጣሬ ለማመልከት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፤ የጤና ሚኒስቴሩ 952 ነው።

የማላውቀው ሰው በቴሌግራም "ፋርማሲስት ነኝ" ቢለኝስ? ገንዘብም ሆነ የሕመምዎን ታሪክ አይስጡት። ደንቡ ቀላል ይሁን፦ በቪዲዮ የሚያማክርዎት መጀመሪያ በአካል ያዩት፣ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ በተሰቀለበት ቤት የሚሠራ ባለሙያ ይሁን። በጥሪው ሰዓትም እሷ ከደንበኛ ፈንጠር ብላ፣ እርስዎም በር ዘግተው ይሁን። ታክሲ ውስጥ ሆነው ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት ማውራት አይሆንም። ጥሪው እንዳይቀረጽ ከፈለጉም ይናገሩ።

ልጅዎ አሜሪካ ከሆነ በጥሪው ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይግባ። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ገደማ ነው። ይህን የምለው ለናፍቆቱ ብቻ አይደለም። ከውጭ የሚላኩ መድኃኒቶች ስማቸው ሌላ ሆኖ ይዘታቸው እዚህ ከታዘዘው ጋር አንድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ኖርቫስክ ያው አምሎዲፒን ነው። ግሉኮፋዥ ያው ሜትፎርሚን ነው። በአሜሪካ በብዛት የሚታዘዘው ሊሲኖፕሪል የኤናላፕሪል ወንድም ነው፤ አብረው አይወሰዱም። ልጁ በቅንነት የላከውን እናት ከጤና ጣቢያው ጋር ደርበው ሲውጡት ግፊታቸው ወርዶ ይዞራቸዋል፤ ጥፋቱም በአዲሱ መድኃኒት ይላከካል። ስለዚህ ልጁ ገና ሳይልክ የብልቃጡን ጽሑፍ ለፋርማሲስቷ በካሜራ ያሳያት፤ ደርሶም ከሆነ ከጠረጴዛው ላይ አብሮ ይታይ።